የበረዶ ሆቴልና የደሴ ብርድ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ መንገደኛ ደሴ ሳይገባ ጋቢውን ይደርባል። በስዊድን ሰሜን፣ በዩካስያርቪ መንደር ግን እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ከወንዝ በሚቆረጥ በረዶ በየክረምቱ ሆቴል ይሠራል፤ አልጋው ሳይቀር በረዶ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ብርድ የሚገዛ መኖሩ ያስገርማል! የመኝታ ክፍሉ ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ሲሆን ማሞቂያ የለውም። እንግዳው የአጋዘን ቆዳ ተነጥፎለት፣ በወፍራም የመኝታ ከረጢት ውስጥ በገዛ ገላው ሙቀት ያድራል። ቆዳውና ከረጢቱ የያዙት አየር ሙቀቱን አያስወጣም። የእኛም ጋቢ አራት ድርብ የሆነው፣ አጎዛም የሚነጠፈው ለዚሁ አይደለምን?

ታዲያ እናቶች፣ በደሴ ብርድ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት ለምን አስፈለገ? «ጢሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል» ይባላል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ጢስም ሽታም የለው፤ የተኛውን ሳያነቃ ይወስዳል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ይበልጥ ይጎዳሉ። ምድጃው ከመኝታ በፊት ይውጣ። ለልጆቹ ደረቅ ልብስና ካልሲ፣ ከሥራቸውም አጎዛ ይበቃል፤ ብርዱ የሚብሰው ከወለሉ ነውና። ከሰል በነደደበት ቤት ራሱን ያመመው ወይም ያቅለሸለሸው ሰው ቢኖር ቡና ሳይፈላለት፣ ሎሚ ሳይፈለግለት፣ ወዲያው ወደ ደጅ አውጥቶ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።