ትልቅ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም

በጉዲፈቻ ልጅ ለመውሰድ ጸልየው የወሰኑ አንድ ባልና ሚስት፣ ማሳደጊያው የስምንት ዓመት ልጅ ሲያሳያቸው ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ መጡ። «እኅታችን፣ ሕፃን ቢሆን እኛን ብቻ እያወቀ ያድግ ነበር፤ ይሄ ግን ሁሉን ያስታውሳል» አሉኝ። ጥያቄው የእነርሱ ብቻ አይደለም። ልጅ ለመውሰድ የሚያስቡ አብዛኞቹ ባለትዳሮች ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ይፈልጋሉ። አምስትና ስድስት ዓመት ያለፋቸው ግን ጎብኚ በመጣ ቁጥር ፊታቸውን ታጥበው ይሰለፋሉ፤ ተመልሰውም ይገባሉ።

ለእነዚህ ባልና ሚስት የነገርኳቸው ከፈረንጆች የተማርኩትን ነው። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ ከመቆሙ በፊት አዲስ አበባ ልጅ ለመውሰድ የመጡ ቤተሰቦች የሚበዙባት ከተማ እንደ ነበረች ታስታውሳላችሁ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አሜሪካ ብቻ ወደ 2,500 የሚሆኑ ልጆች ሄደዋል። በዚያው ዓመት ወላጆቹ ራሳቸው ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለባቸው ስለ ተወሰነ ብዙዎቹ ሁለት ጊዜ መመላለስ ግድ ሆነባቸው፤ አንዱ ለፍርድ ቤቱ፣ ሌላው ለኤምባሲው ቪዛ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ደግሞ በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረው መዝገብ ወደ 5 እንዲወርድ ሲደረግ ጥበቃው ረዘመ። አንዳንዶቹ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው፣ የወለዷቸውንም ልጆች ይዘው፣ እዚሁ ቤት ተከራይተው ተቀመጡ።

በቤተ ክርስቲያናችን አቅራቢያ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች የሚያርፉበት የእንግዳ ማረፊያ ስለ ነበረ፣ በኮሌጅ በተማርኩት እንግሊዝኛ ላስተረጉም እጠራ ነበር። ሕፃን የወሰዱት ቀናቸው ጡጦና ዳይፐር ነው፤ ብዙም አያስፈልጉኝም። የሰባት፣ የዘጠኝ፣ የአሥር ዓመት ልጅ የወሰዱት ግን ጠዋት ሳይነጋ ይደውላሉ።

የሚጠይቁኝ ነገር አንዳንዴ ያስቀኝ ነበር። «ስናናግረው እየደነገጠ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ደረቱን ያመው ይሆን?» ብላ የተጨነቀች እናት ነበረች። ልጁ «አዎ» ማለቱ ነበር! እኛ ትንፋሽ ስበን «እሺ» የምንለው ነገር ለእነርሱ ድንጋጤ ይመስላል። ሌላው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ልጁ ሲቆጡት አንገቱን ይደፋል፤ ዓይናቸውን አያይም። በእነርሱ አገር ዓይን የማያይ ልጅ የሚዋሽ ወይም የሚያኮርፍ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የሚቆጣውን ታላቅ ትኩር ብሎ የሚያይ ልጅ ባለጌ ይባላል። ያ ልጅ በጨዋነቱ ሊቀጣ እንደ ነበር ለአባትየው ሳስረዳው ዝም ብሎ ቆየና «ሌላ ምን ያላየሁት አለ?» አለኝ። ከጠየቁኝ ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነበር።

ያላየው ብዙ ነበር። ልጁ የሚናገረው አማርኛ ራሱ የእናቱ ቋንቋ አልነበረም፤ እዚያው ማሳደጊያ ውስጥ በጥቂት ወራት የለመደው ነው። በሌሊት ሲቃዥ የሚናገረው ወላይትኛ ነበር፤ እኔም አልሰማውም። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ሊሆን ነው። ቁርስ ላይ የተረፈውን ዳቦ ትራሱ ሥር ይደብቃል። እናትየው ልትከለክለው ስትል አንዲት የማረፊያው ሠራተኛ «ተዪው እመቤቴ፣ ነገም እንዳለ እስኪያምን ነው» አለቻት። እናትየውም ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አንድ ዳቦ በሰሐን አድርጋ አልጋው አጠገብ ታስቀምጥለት ጀመር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳቦው ሳይነካ ማደር ጀመረ።

በነዚያ ሳምንታት ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ እንግዶቹ ወላጆቹ ናቸው፤ አዋቂው ልጁ ነው። መንገድ የሚያሻግራቸው፣ የታክሲ ረዳቱ ምን እንዳለ በምልክት የሚያስረዳቸው፣ ሙዝ በፈረንጅ ዋጋ ሲሸጥላቸው ተናዶ የሚከራከርላቸው እሱ ነው። እንጀራ አቆራረስ ያስተምራቸዋል፤ ሲያጎርሳቸው ደረቱ ይነፋል። ይህ ሁሉ አውሮፕላን ላይ በወጣ ማግሥት ይገለበጣል፤ እዚያ ምንም የማያውቀው እሱ ይሆናል። ታዲያ ይህን የተረዱ ቤተሰቦች ልጁ እንዲመራቸው ይፈቅዱለት ነበር። ቀኑን ሙሉ በማረፊያው ፊልም ሲያሳዩት የሚውሉም ነበሩ፤ በእኔ ግምት እነዚህ የጥበቃውን ጊዜ አባክነውታል። መንገድ ላይ «ወዴት ነው የሚወስዱህ?» እያሉ ልጁን የሚያስቆሙት ሰዎች እንደሚያሳቅቁ አይቻለሁ፤ ሆኖም በር ዘግቶ መቀመጥ መልስ አይሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ትልቅ ልጅ ብዙ ጊዜ በሕይወት ያለ ዘመድ አለው፤ አያት፣ ታላቅ እኅት፣ አንዳንዴም በድህነት ወይም በሕመም ምክንያት የሰጠች እናት። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮሞ ወገኖቻችን ባህል የመጣ ነው። በዚያ ባህል ልጁ እንደ ተወለደ ይቆጠራል፤ የወለዱትም ይታወቃሉ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጉዲፈቻ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። በአሜሪካ ሕግ ግን ጉዲፈቻ የቀድሞውን ዝምድና ይቆርጣል። ልጇን የሰጠች እናት «ተምሮ ይመለስልኛል፣ ይጠይቀኛል» ብላ ፈርማለች፤ የወሰዱት ደግሞ «ከእንግዲህ የእኛ ብቻ ነው» ብለው ፈርመዋል። ብዙ እንባ የመጣው ከዚህ አለመግባባት ነው። አንድ ትልቅ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ሰነዱ ላይ ካለው ይበልጥ እውነቱን የሚያውቀውም እሱ ሊሆን ይችላል።

የልጁን ማንነት አጥፍቶ በራስ አምሳል ለመቅረጽ መሞከር የት እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ መራራ ነገር አለ፤ በክርስቲያን መጽሔት ላይ መጻፉ ቢከብደኝም እጽፈዋለሁ። በ2000 ዓ.ም. ከዚህ አገር የሄደችው ሐና በግንቦት 2003 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት፣ በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ በብርድ ሞተች፤ በረኃብም ተጎድታ ነበር። ጸጉሯን ላጭተውት እንደ ነበር በችሎት ተሰምቷል። ባልና ሚስቱ በ2006 ዓ.ም. ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። ሃይማኖተኞች ነበሩ። አለመታዘዝን እንሰብራለን ብለው ነው የጀመሩት። የውጭ ጉዲፈቻ ይቁም የሚለው ክርክር ሲነሣ የእርሷም ስም አብሮ ይነሣ ነበር። ወላጆቼ የምላቸው አብዛኞቹ እንግዶች እንዲህ አልነበሩም፤ ግን ልጅ ሲበደል የሚሸፍን ጥቅስ የለንም።

ቅዱሱ መጽሐፋችንስ ምን ያሳየናል? ሙሴ ወደ ፈርዖን ልጅ የተወሰደው ካደገ በኋላ ነው (ዘጸ. 2፥10)፤ ያጠባችውም የገዛ እናቱ ነበረች። በቤተ መንግሥት አድጎም ወንድሞቹ እነማን እንደ ሆኑ ያውቅ ነበር። አስቴር ሁለት ስም ነበራት፤ ሀደሳ የሚለው አልጠፋም። ወላጆቿ ሲሞቱ እንደ ልጁ ያሳደጋት መርዶክዮስም፣ ከቤቱ ከወጣች በኋላ እንኳ ደኅንነቷን ለማወቅ በየቀኑ በቅጥሩ ፊት ይመላለስ ነበር (አስ. 2፥11)። ይህ ዕለት ዕለት መመላለስ ለእኔ ከብዙ ስብከት ይበልጥ ስለ ጉዲፈቻ ይናገረኛል።

እንግዲህ ዛሬ ተራው የእኛ ነው። ፈረንጆቹ በሦስተኛ ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ፣ በባዕድ ከተማ የሞከሩትን እኛ በራሳችን እንጀራና በራሳችን መዝሙር መሞከር እንችላለን። የሚያሰናክለን ሌላ ነው፤ ምስጢር ማድረግ እንወዳለን። ሆዷ ላይ ጨርቅ አስራ የወለደች ያስመሰለች፣ ጎረቤት እንዳያውቅ ሰፈር የቀየረ ቤተሰብ ሰምታችኋል። የስምንት ዓመት ልጅ ግን አይደበቅም፤ እኔ ይህን እንደ ጸጋ ነው የማየው። ከመጀመሪያው ቀን እውነት በቤት ውስጥ ይኖራል፤ በሠርጉ ዋዜማ ከአክስት አፍ አይሰማውም።

ስለ ስም ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። የልጁን የራሱን ስም አትለውጡ፤ «መንፈሳዊ ስም እንስጠው» የሚሉ ወዳጆች ቢኖሩም። የአባት ስም ጉዳይ ከባድ ነው። እኛ ዘንድ የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሳይሆን የአንድ ሰው ስም ነው፤ ሲለወጥ ያ ሰው ከልጁ ሕይወት የተሰረዘ ይመስለዋል። በሰነድ መለወጥ ካስፈለገ ልጁን ጠይቁት፤ ፍርድ ቤቱም ቢሆን ጉዲፈቻውን ከማጽደቁ በፊት የልጁን አስተያየት ይመለከታል። አያት ካለች በበዓል ውሰዱት። ዶሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ እርሷም የፈተለችውን ጋቢ ብትሰጠው አትቆጡ። «እማዬ» እንዲል አታስገድዱት፤ «እትዬ» እያለ አንድ ዓመት የቆየ ልጅ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ጉንፋን ይዞት ሳያስበው «እማ» አለ።

የመውሰጃ ቀን የተቆረጠላችሁ ካላችሁ፣ ከማሳደጊያው ከመውጣታችሁ በፊት ሞግዚቷን አስቀምጣችሁ ጠይቋት፤ ሲያመው ምን እንደሚወድ፣ ማታ ማን አጠገብ ይተኛ እንደ ነበር፣ ከማን ጋር እንደሚጣላና ከማን ጋር እንደሚታረቅ፣ ማን ይጠይቀው እንደ ነበር። በደብተር ጻፉት። ሞግዚት ሥራ ትለቃለች፣ ማሳደጊያም ይዘጋል፤ ስልኳን ሳትቀበሉ አትውጡ።