ከሞላላው መም እስከ አዳማ አደባባይ፦ ፍጥነት የት ይገባል?

ሞላላ መም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከአዳማ በስተደቡብ፣ በአርሲዋ በቆጂ የተወለደው ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ ሲያጠናቅቅ 25 ጊዜ የዞረው እንዲህ ያለውን መም ነው። አማካይ ፍጥነቱ ሲሰላ በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ሯጮች መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ሰውነታቸውን ወደ ውስጥ ዘንበል እንደሚያደርጉ ልብ ብሎ ያየ ሁሉ ያውቃል። የመሙ መታጠፊያ ሬዲየስ 37 ሜትር ያህል ስለሆነ በዚያ ፍጥነት የሚያስፈልገው ዝንባሌ 6 ዲግሪ ገደማ ነው። ሯጩ ይህን በቀመር አያሰላውም፤ ሰውነቱ በልምድ ያውቀዋል።

መኪና ግን እንደ ሯጭ ወደ ውስጥ ማዘንበል አይሆንለትም። እንዲያውም በባሌስትራው ላይ ወደ ውጭ ያጋድላል። ስለዚህም መኪናው ማዘንበል ካልቻለ መሙ ራሱ እንዲያዘነብልለት የሚያደርግ ብልሃት ተፈጠረ። በአሜሪካ የሚዘወተረው የአጭር ሞላላ መም የመኪና ውድድር የዚህ ብልሃት ማሳያ ነው። ውድድሩ የተጀመረው ከፋብሪካ እንደወጡ ባሉ ተራ የቤት መኪኖች ሲሆን፣ ዛሬ የሚካሄደው ለዚሁ ተብለው በሚሠሩ መኪኖች ነው። ዋነኛው አወዳዳሪ ድርጅት ናስካር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1948 ነበር። ውድድሩን የምናነሣው አሸናፊዎቹን ለማወደስ አይደለም። ከዚያ መም የሚገኘው ትምህርት ለአዳማ፣ ለሞጆ፣ ለባቱና ለሻሸመኔ ጎዳናዎች እጅግ አስፈላጊ ነው ብለን ስለምናምን ነው።

መታጠፊያው የሚጠይቀው ኃይል

ማንኛውም ተንቀሳቃሽ አካል ኃይል ካላስገደደው በቀር በቀጥታ መስመር መጓዙን እንደሚቀጥል ከኒውተን ተምረናል። መታጠፍ አቅጣጫን መለወጥ ነው፤ ስለሆነም ወደ መታጠፊያው ማዕከል የሚስብ ኃይል ይፈልጋል። የኃይሉ መጠን የሚገኘው የፍጥነቱ ካሬ በአካሉ መጠነ ቁስ ተባዝቶ ለመታጠፊያው ሬዲየስ ሲካፈል ነው። እዚህ ላይ «ካሬ» የሚለውን ቃል አንባቢ በቸልታ እንዳያልፈው አደራ እንላለን። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናልና።

በጠፍጣፋ መንገድ ላይ ይህን ኃይል የሚሰጠው በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። መንገዱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ግን የመንገዱ ግፊት ራሱ መኪናውን ወደ ማዕከሉ ይገፋዋል፤ ጎማውንም አጥብቆ ያስይዘዋል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሬዲየሱ 70 ሜትር የሆነ መታጠፊያ አለ እንበል፤ ጎማው የሚሰጠው ሰበቃም ጎማውን ከሚጫነው ኃይል ጋር እኩል ነው እንበል። መንገዱ ጠፍጣፋ ቢሆን መኪናው ሳይንሸራተት ሊታጠፍ የሚችልበት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ 12 ዲግሪ ቢያዘነብል 117፣ 26 ዲግሪ ቢያዘነብል ደግሞ 161 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጎማው ያው፣ መኪናው ያው፣ አሽከርካሪውም ያው ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው።

ይህ ከወረቀት ስሌት ያለፈ እውነት ነው። በቨርጂኒያ ግዛት የሚገኘው የማርቲንስቪል መም ርዝመቱ 847 ሜትር ያህል ሲሆን መታጠፊያዎቹ 12 ዲግሪ ያዘነብላሉ። በቴነሲ ግዛት የሚገኘው የብሪስቶል መም ደግሞ 858 ሜትር ያህል ነው፤ የመታጠፊያዎቹ ዝንባሌ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይደርሳል። ርዝመታቸው እንዲህ ተቀራርቦ ሳለ በመጀመሪያው አንድ ዙር ለማጠናቀቅ ወደ 20 ሴኮንድ፣ በሁለተኛው ወደ 15 ሴኮንድ ይበቃል። ከዚህ ልዩነት አብዛኛው የመጣው ከመታጠፊያዎቹ ቅርጽና ዝንባሌ ነው። በመሆኑም ተመልካቹ «የአሽከርካሪው ጀግንነት» ብሎ ከሚያደንቀው ውስጥ ብዙው የመሐንዲሱ ሥራ ነው።

ከሞት የተማረ ስፖርት

ይህ ስፖርት ዛሬ ያለበት ደረጃ ላይ የደረሰው ያለ መሥዋዕትነት አይደለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2001 ዴል ኧርንሃርት የተባለው ስመ ጥር አሽከርካሪ በዴይቶና በውድድሩ የመጨረሻ ዙር ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። መኪናው በድንገት ሲቆም በቀበቶ የታሰረው ሰውነት አብሮ ይቆማል፤ ያልታሰረው ራስ ግን ወደ ፊት ይወረወራል። ያን ጊዜ የራስ ቅል መሠረት ይሰበራል። ይህን ለመከላከል ራስን ከትከሻ ጋር የሚያያይዘውን «ሃንስ» የተሰኘ መሣሪያ በሚሺገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የባዮሜካኒክስ መምህር የነበሩት ሮበርት ሀባርድ በ1980ዎቹ ሠርተውት ነበር። መሣሪያው ግን «ምቾት ይነሳል» እየተባለ በብዙዎች ዘንድ ተንቆ ቆየ። ናስካር የራስና የአንገት መደገፊያ ግዴታ ያደረገው በ2001 መገባደጃ ላይ ነው። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተነደፈው፣ ግጭትን በዝግታ የሚቀበል የብረትና የስፖንጅ ግድግዳ በውድድር መሞች ላይ መተከል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በናስካር ዋነኛው የዋንጫ ውድድር ላይ ሕይወቱ ያለፈ አሽከርካሪ የለም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛው፣ አደጋ ተመርምሮ ምክንያቱ ሊታወቅና ሊቀነስ የሚችል ክስተት መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ዕውቀት ብቻውን እንደማያድን ነው። መፍትሔው ለዓመታት ተሠርቶ ተቀምጦ ሳለ ሰው ይሞት ነበርና።

የእኛ ሞላላ መሞች

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የመኪና መወዳደሪያ መም ባይኖርም መዞሪያ ሞልቷል። አደባባይ ምንድን ነው? አጭር፣ ጠፍጣፋ፣ ግድግዳ የሌለው መም ነው። በሠርግ ሰሞን ጥሩንባ እያሰሙ የሚዞሩትን አጃቢ መኪኖች፣ ከመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ የሚቀርጸውን ካሜራ ያዥ ያላየ የከተማ ነዋሪ አይገኝም። ከዚህም በላይ በየዕለቱ ባጃጆቻችን ተሳፋሪ ለመቅደም በየመታጠፊያው ይሽቀዳደማሉ።

ባጃጅ ሦስት ጎማ ያለው መሆኑ የራሱ ፊዚክስ አለው። ለስሌት እንዲመቸን የኋላ ጎማዎቹ ርቀት 1.15 ሜትር፣ ከፊት ጎማው እስከ ኋላዎቹ 2 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉም ከመሬት 65 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ከፊት ጎማው ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛው ላይ ነው እንበል። በዚህ ስሌት ባጃጁ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የክብደቱን 0.59 እጅ ሲያልፍ ይገለበጣል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ሊሰጥ የሚችለው ሰበቃ ግን 0.7 ያህል ነው። ስለዚህ ባጃጁ ከመንሸራተቱ በፊት ይገለበጣል። ዝቅ ያለ የቤት መኪና በአንጻሩ ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱም ለአሽከርካሪው ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል። የባጃጅ አሽከርካሪ ይህ ማስጠንቀቂያ የለውም።

ሬዲየሱ 16 ሜትር በሆነ አደባባይ ላይ ከላይ የጠቀስነው ባጃጅ የሚገለበጥበት ፍጥነት በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአሽከርካሪው ግራና ቀኝ ትርፍ ሰው ሲቀመጥ የስበት ማዕከሉ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ አንዷ ጎማ ይጠጋል፤ ወሰኑም ወደ 31 ዝቅ ሊል ይችላል። ከፊቱ ድንገት የገባን ሕፃን ወይም የፈረስ ጋሪ ለመሸሽ መሪውን በ8 ሜትር ሬዲየስ ቢጠመዝዝ ደግሞ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ይህ ፍጥነት ቀነኒሳ በእግሩ ከሮጠበት አይበልጥም!

ሌላም ነገር እንጨምር። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለትራፊክ ክፍት የሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መሐል አካፋይና የጠርዝ መከላከያ ያለው፣ ለፍጥነት ተብሎ የተሠራ መንገድ ነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ አቅጣጫ የሚወስደውም እስከ ባቱ ድረስ አገልግሎት ይሰጣል። ዐይንና አእምሮ ግን ከፍተኛ ፍጥነትን ይለማመዳሉ። ለረጅም ጊዜ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው ወደ 60 ሲቀንስ የቆመ ያህል ይመስለዋል። ከፍጥነት መንገዱ ወጥቶ ወደ ከተማ የሚገባው አሽከርካሪ ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ በሚተራመሱበት ጎዳና ላይ ይህን የተለመደ ስሜት ይዞ ይደርሳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም፣ የአሽከርካሪው የአንድ ሴኮንድ ምላሽ ተጨምሮ፣ 28 ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ በሰዓት 100 የሚሄደው ግን 84 ሜትር ይፈልጋል። ዐይኑን የሚያምን አሽከርካሪ ይሳሳታል፤ የፍጥነት መለኪያውን ማየት አለበት።

መራጩ ማን ነው?

ተወዳዳሪው አሽከርካሪ አደጋውን ዐውቆ በፈቃዱ ወደ መሙ ይገባል። የራስ ቁር፣ ባለ ብዙ ማሰሪያ ቀበቶ፣ የብረት አጥር ያለው ጎጆና በተጠንቀቅ የቆመ ሐኪም አለለት። ከገበያ የምትመለሰው እናትና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ግን ወደ ውድድር አልገቡም፤ ሌላ ሰው አስገባቸው እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ለሆኑትም ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው እንደሆነ ገልጿል። ይህን መጽሔት የሚያነብ ተማሪ ከሞላ ጎደል በዚህ የዕድሜ ክልል ውስጥ ነው።

«ጥፋቱ የወጣት አሽከርካሪዎች ጥጋብ ነው» የሚሉ አሉ። በዚህ አንስማማም። የባጃጅ አሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ የዕለት ገቢ ለባለንብረቱ ማስረከብ ይጠበቅበታል፤ የነዳጁን ወጪ ሸፍኖ ለራሱ የሚተርፈው ከምልልሱ ብዛት ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ፍጥነትን ይሸልማል። ሽልማቱ ሳይለወጥ ምክር ብቻ ቢደጋገም ፍሬ አይኖረውም። ሌሎች ደግሞ «ለወጣቱ መወዳደሪያ ይዘጋጅለት» ይላሉ። ሐሳቡን በመርህ ደረጃ አንቃወምም። ይሁን እንጂ መከላከያና ሕግ የሌለው ውድድር ተመልካቹንም ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1955 በፈረንሳይ ለ ማን ከተማ በተደረገው ውድድር አንድ መኪና ወደ ተመልካች ተወርውሮ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። ስለሆነም ከመወዳደሪያው በፊት መለኪያው ይቅደም እንላለን።

ምን ይደረግ?

በፊዚክስ ትምህርት የክብ እንቅስቃሴን የምንማረው ብዙ ጊዜ ስም በሌለው መኪናና ቦታ በሌለው መታጠፊያ ነው። መምህራን ሰፈራቸውን ወደ ክፍል ቢያስገቡ ምን ይከለክላቸዋል? የመታጠፊያን ሬዲየስ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ተማሪዎች ከእግረኛ መንገዱ ሳይወርዱ 10 ሜትር ገመድ በክቡ ጠርዝ ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ወጥረው ከገመዱ መካከል እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት ይለኩ። ርቀቱ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የገመዱ ርዝመት ካሬ ለዚህ ርቀት 8 እጥፍ ተካፍሎ የርቀቱ ግማሽ ሲደመርበት ሬዲየሱ 16 ሜትር ይመጣል። ከዚያ በኋላ ባጃጅ የሚገለበጥበትን ፍጥነት ማስላት የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው።

የዩኒቨርሲቲዎቻችን ድርሻ ከዚህ ይሰፋል። በአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአሰላም የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ የምሕንድስና ተማሪ አደጋ የሚደጋገምባቸውን መታጠፊያዎች ዝንባሌ፣ ሬዲየስና የአስፋልት ሰበቃ ለክቶ ለከተማው አስተዳደር ቢያቀርብ ከብዙ የውጭ አገር ምሳሌ የሚበልጥ ሥራ ይሆናል። በአደጋ ዘገባ ላይ «ከመጠን በላይ በሆነ ፍጥነት» የሚለው ሐረግ የምርመራው መደምደሚያ ሳይሆን መነሻ መሆን አለበት። ስንት ነበር ፍጥነቱ? መታጠፊያው ስንት ይፈቅድ ነበር? ስንት ሰው ተጭኖ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ነገም በዚያው ስፍራ ሌላ ሰው ይወድቃል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የሃንስ መሣሪያ ተሠርቶ ሳለ ለዓመታት ሳይታሰር መቅረቱ ሰው አስከፍሏል። በእኛ ከተሞች የሚያስፈልገው ቀመር ግን ከዚያ ዕውቀት እጅግ የቀለለ ነው፤ በተማሪዎቻችን ደብተር ላይ ተጽፏል። ከደብተሩ ወጥቶ ወደ አደባባዩ ይሻገር ዘንድ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ጥሪያችንን እናቀርባለን።