ይህ ከበሮ ከየት መጣ?

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኩፓት ሆሊም ወረቀት አናወራም፤ እሱ ለሚቀጥለው እትም ይቆየን። ዛሬ የምናወራው ስለ ከበሮ ነው።

ነገሩ የተነሣው በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ ከጎንደር ከመጡ ገና ብዙ አልቆዩም፤ አሁንም የሚኖሩት በመርካዝ ክሊታ ነው። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው በሰፈሩ ማትናስ ከበሮ ልማር ብሎ ወረቀት ይዞላቸው መጣ። ወረቀቱ የአባት ፊርማና የወር ክፍያ ይጠይቃል። መምህሩ ከአርጀንቲና የመጣ ዖሌ ነው፤ ከበሮውም ረጅም፣ ወገቡ ሰፋ ያለ፣ ቆመው በመዳፍ የሚመቱት ኮንጋ የሚባለው ነው። አጎቴ ወረቀቱን ይዘው እኔ ቤት መጡና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ከበሮ እንደሆነ በአገራችን አለ። ለሰርጉም አለን፣ ቄሶቻችንም ለጸሎት ነጋሪት ይመታሉ። ይህ የሰው ከበሮ ምን ሊያደርግለት ነው? በዚህ ገንዘብ ሒሳብ ቢያስጠኑት አይሻለውም?»

እኔም ያን ዕለት «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» ብዬ ሸኘኋቸው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ለምን ቢባል፣ የዚያን ከበሮ ታሪክ ትንሽ አውቀው ነበርና፣ ሳልነግራቸው «እውነትዎን ነው» ማለቴ ከነከነኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከባርነት ነው። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በመርከብ እየተጫኑ ባሕር የተሻገሩት ሰዎች ጓዝ አልነበራቸውም። የያዙት በጆሯቸውና በእጃቸው ያለውን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሱበት ምድር ዕጣቸውን ለያየው። በሰሜን አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና በሚባለው አገር፣ በ1739 ባሮች ከበሮ እየመቱ ለዓመፅ ተነሡ (እዚህ የምጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዓመፁ ከተደመሰሰ በኋላ በ1740 የወጣው ሕግ ባሮች ከበሮና ቀንደ መለከት እንዳይዙ ከለከለ። ጌቶቹ ከበሮ መልእክት እንደሚያስተላልፍ ገብቷቸው ነበር። እንደ ኒው ኦርሊንስ ያሉ ጥቂት ቦታዎች ሲቀሩ፣ በዚያ አገር የእጅ ከበሮ ከሕዝቡ እጅ ወጣ። ሰዎቹ ምቱን በጭብጨባና በእግራቸው አኖሩት፤ ቆይቶም ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ ከዚያው ሕዝብ ሲወለድ ትራምፔትና ፒያኖ ይዞ እንጂ የእጅ ከበሮ ይዞ አልነበረም።

በኩባ ግን ሌላ ሆነ። እዚያም ባርነቱ ያው ባርነት ነው፤ ግርፋቱም ያው ነው። ሆኖም ከአንድ ነገድ የመጡ ሰዎች ካቢልዶ የሚባል ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቀድላቸው ነበር። ካቢልዶ ከእኛ ዕድር ጋር ይመሳሰላል፤ የታመመውን ይረዳል፣ የሞተውን ይቀብራል፣ በበዓልም ይሰባሰባል። በዚያ ስብሰባ ላይ ከበሮው አልጠፋም። ከኮንጎ ወገን የመጡት የራሳቸውን፣ ከዮሩባ ወገን የመጡትም ባታ የሚባለውን እያስተማሩ ለልጅ ልጅ አወረሱ። ስለዚህ ሁለት የአንድ አያት ዘሮች በሁለት አገር አደጉ፤ አንዱ ከበሮውን ይዞ፣ ሌላው ተነጥቆ።

እነዚህን ሁለት ዘመዳሞች ያገናኘው አንድ መጤ ነው። ማሪዮ ባውሳ ይባላል፤ በ1911 በሃቫና ተወልዶ በ1930 ኒው ዮርክ ለመኖር መጣ። ጥሩምባ ነፊ ነበር። በታወቁ የጥቁር አሜሪካውያን ባንዶች ውስጥ ሠራ፤ በካብ ካሎዌይ ባንድ ውስጥም ዲዚ ጊሌስፒ ከሚባል ወጣት ጥሩምባ ነፊ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጠ። በ1940 ደግሞ የሚስቱ ወንድም ማቺቶ የራሱን ባንድ ሲያቋቁም ባውሳ ሙዚቃውን ይመራ ጀመር። የባንዱን ስም «አፍሮ-ኩባውያን» አሉት። በዚያ ዘመን የአፍሪካን ስም በግንባር ላይ መለጠፍ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ1943 የሠሩትን «ታንጋ» የሚባለውን ሥራ ብዙዎች የላቲን ጃዝ መጀመሪያ አድርገው ይቆጥሩታል።

አሁን እኔ በጣም ወደምወደው ክፍል ደረስን። በ1947 ጊሌስፒ ትልቅ ባንድ ነበረውና ለባውሳ «የኩባ ከበሮ መቺ ፈልግልኝ» አለው። ባውሳም ቻኖ ፖሶ የሚባለውን የሃቫና ልጅ አገናኘው። ፖሶ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ጊሌስፒም ስፓኒሽ አያውቅም። ኡልፓን የለ፣ አስተርጓሚ የለ። እንዴት ትግባባላችሁ ተብሎ ሲጠየቅ ፖሶ ሁለታችንም አፍሪካኛ እንናገራለን ብሎ መልሷል እየተባለ ይነገራል። ባንዱ በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ ሲጓዝ ፖሶ ለያንዳንዱ ሰው የተለየ ምት እየሰጠ ያስተምራቸው ነበር። አንዱ ይህን ይመታል፣ አንዱ ያንን፣ ሲገጣጠም አንድ ይሆናል።

ያን ዓመት በመስከረም ወር በኒው ዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ ተጫወቱ፤ በታኅሣሥም «ማንቴካ» የሚባለውን ሥራ ቀረጹ። ማንቴካ በስፓኒሽ ሞራ ማለት ነው። (የሞራ ሽታ ያለው ጣፋጭ ሙዚቃ ነው ብል አትቀየሙኝ።) የሥራው አወጣጥ ብዙ ያስተምራል። ፖሶ የባሱን፣ የሳክስፎኑንና የጥሩምባውን ድምፅ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረበ በቃሉ አሰማቸው፤ ያ እየተደጋገመ እንዲቀጥል ፈለገ። ጊሌስፒ ግን ለአሜሪካኖቹ ጆሮ መሐል ላይ የሚለወጥ ነገር ያስፈልጋል ብሎ የመካከለኛውን ዜማ ጨመረበት። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ለቀቁ፣ ሁለቱም ዋናውን ያዙ። ፖሶ ብዙ አልቆየም፤ በታኅሣሥ 1948 በሃርለም በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ ዕድሜው 33 ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኮንጋ ከጃዝ አልወጣም።

ከዚህ ሙዚቃ ሥር ያለው ምት ክላቬ ይባላል፤ ትርጉሙ ቁልፍ ማለት ነው። ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ሞክሩት። ከ1 እስከ 16 በእኩል ፍጥነት ቁጠሩ፤ በ1፣ በ4፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ላይ ብቻ አጨብጭቡ፤ 16 ላይ ስትደርሱ ሳታቋርጡ ወደ 1 ተመለሱ። መጀመሪያ ሦስት ጭብጨባ፣ ቀጥሎ ሁለት ይሆናል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳሳታሉ፤ አራተኛው ላይ ይይዛቸዋል።

የእስራኤል ልጆችም በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉበት። በኒው ዮርክ በብሮድዌይ መንገድ ፓላዲየም የሚባል የጭፈራ አዳራሽ ነበር፤ ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1966 ድረስ የፖርቶ ሪኮ ሰዎች፣ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ጣሊያኖችና አይሁዶች በአንድ ወለል ላይ ማምቦ ይጨፍሩበት ነበር። አይሁድ ቤተሰቦች በጋውን በሚያሳልፉባቸው የካትስኪልስ ተራሮች ሆቴሎችም የላቲን ባንዶች ይጫወቱ ነበር። በ1939 በብሩክሊን የተወለደው ፒያኖ ተጫዋች ላሪ ሃርሎው በወጣትነቱ ኩባ ድረስ ሄዶ ሙዚቃውን ተማረ። ተመልሶም የሳልሳ ሙዚቃ ከታወቁት መሪዎች አንዱ ሆነ። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ያወጡለት ስም «ድንቁ አይሁዳዊ» የሚል ነበር። እስከ 2021 ድረስ፣ እስኪሞት፣ በዚያ ስም ተጠራ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ ብነግራቸው ምን ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፦ «እሺ ልጄ፣ እኛን ምን አገባን?» ስለዚህ የመጨረሻውን በአካል ሄጄ ልንገራቸው ብዬ ሸባት ከወጣ በኋላ ሄድኩ።

የነገርኳቸው የሙላቱ አስታጥቄን ታሪክ ነው። ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወለደ። ቤተሰቦቹ ወደ ብሪታንያ የላኩት ምሕንድስና እንዲማር ነበር። (እዚህ ላይ አጎቴ ቀና አሉ።) እሱ ግን በዌልስ ተማሪ ቤት ሳለ ሙዚቃው አሸነፈው። በለንደን ተማረ፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ ሆነ። ከዚያ ኒው ዮርክ ገባ። ያን ጊዜ ከተማይቱ በማምቦና በኮንጋ ትናወጥ ነበር። «የኢትዮጵያ ኩንቴት» ብሎ የሰየመውን ባንድ አብዛኛውን በፖርቶ ሪኮ ልጆች አቋቋመና በ1966 «አፍሮ-ላቲን ሶል» የሚሉ ሁለት ሸክላዎች አወጣ። አንድ የአገራችንን የጦረኞች ዘፈን እንኳ በስፓኒሽ አስዘፍኖበታል።

የከበደው የቅኝቱ ነገር ነበር። እንደምታውቁት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ጃዝ ግን ዐሥራ ሁለቱንም ድምፅ ይጠቀማል። ብዙ ድምፅ ሲደረብበት አምስቱ ይዋጣሉ፣ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ሙላቱ ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ላይ ነው፤ ከሥር የሚደረበው ድምፅ ከላይ ያለውን ዜማ እንዳይሸፍነው። ምቱ ግን ያን ያህል አላስቸገረም። የእኛ ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ነው፤ በአንድ እጅ 1 እና 4ን፣ በሌላው 1፣ 3 እና 5ን ምቱና ታገኙታላችሁ። በኩባም ከአፍሪካ በመጣው በቤምቤ ውስጥ ይህ በስድስት የሚቆጠር ምት አለ። ወደ አገር ቤት ሲመለስ ኮንጋውንና ቫይብራፎን የሚባለውን በመዶሻ የሚመታ የብረት መሣሪያ ለአዲስ አበባ ባንዶች አስተዋወቀ። መጀመሪያ ላይ ይህ ምንድን ነው ያሉት ብዙ ነበሩ። ዛሬ ኢትዮ-ጃዝ ተብሎ በዓለም የታወቀው ያ ነው። እዚህ እስራኤልም በ1999 ከኢትዮጵያ የመጣው ሳክስፎን ነፊ አባተ በሪሁን ከፒያኖ ተጫዋቹ ይጽሐቅ የዲድ ጋር «ራስ ዳሸን» በሚል ስም ተጫውቷል።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ያን የ1966 ሥራ አሰማኋቸው። አጎቴ ቡናቸውን ይዘው ዝም ብለው ሰሙ። ባለቤታቸው ከማጀት ብቅ ብለው «ይኼ የእኛ ነው ወይስ የነሱ?» አሉ። አጎቴ አልመለሱላቸውም፤ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ነበር። ልጁ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ የአባቱን ጣት ያያል።

ወረቀቱን የዚያኑ ማታ አልፈረሙም። ስለ ክፍያው ጠየቁኝ፤ በየማትናሱ ለአዲስ ዖሊም ቅናሽ መኖሩን ማጣራት እንደሚገባ ነገርኳቸው። (እናንተም ሳትጠይቁ አትፈርሙ፤ ራካዚቷን አነጋግሩ።) የሒሳብ ጥናቱም እንዳይቀር አጥብቀው ተናገሩ፤ እኔም በዚህ አልተከራከርኳቸውም፣ ልክ ናቸው።

ሐሙስ ዕለት ልጃቸውን ይዘው ራሳቸው ማትናስ ሄዱ። ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና ትምህርቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። መምህሩ ሊሰናበታቸው ሲመጣ ልጁን ጠርተው «እስቲ ጠይቅልኝ» አሉት፤ «ይኸን እየመታህ በትከሻ ይጨፈርበታል ወይ በለው።» ልጁ በዕብራይስጥ ተረጎመ። አርጀንቲናዊው እንደማያውቅ ተናገረና፣ ከበሮውን መልሶ አቁሞ «ያሳዩኝ» አላቸው።