ስለ ምሕረትና ስለ አደራ

ተማሪ ሆይ፤ በደል የሠራ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ ከወገኖቹ ጋራ ተቀላቅሎ ሊኖር ይገባዋል። ነገር ግን ማናቸውም ሥራ ይገባዋልን? ይህንን እንመርምር።

አንድ የገዘር ገበሬ በጎልማስነቱ የጎረቤቱን በሬ ሰረቀ እንበል። ተፈረደበት፤ በጂንካ ታሰረ፤ ካሣውንም ከፍሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ 15 ዓመት ሙሉ እንሰቱን እየተከለ፥ ቡናውን እየለቀመ በቅንነት ኖረ። ዛሬ በትምህርት ቤት ዘበኛ ልሁን ብሎ ቢለምን፥ ስለዚያ በሬ ሊከለከል አይገባውም። በደሉ በሕፃን ላይ አልተደረገም፤ ጠባዩንም ዘመን ፈትኖታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፥ ሁሉን በአንድ ዓይን አይቶ መፍራት የታረመውን ሰው እንጀራ ያሳጣዋል፤ እንጀራ ያጣም ወደ ቀድሞ ክፋቱ ሊመለስ ይችላል።

የአገራችንም ሕግ ይህን ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፥ ጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ከ5 ዓመት በኋላ፥ በሌላ ቅጣት የተቀጣውም ከ2 ዓመት በኋላ፥ በመልካም ጠባይ ኖሮ እንደ ሆነ፥ ለዳኛ አመልክቶ ወደ መብቱ እንዲመለስ ይፈቅዳል። ፍርዱም ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የቀድሞውን በደል በክፋት እያነሣ የሚነቅፈውም ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል።

ሕፃንን ያስነወረ ሰው ነገር ግን ሌላ ነው። በወሎ በጃሪ የሕፃናት መንደር የነበሩትን ልጆች የጐዳቸው ሌሊት የመጣ ወንበዴ አልነበረም፤ መንደሩን ይመራ የነበረ የውጭ አገር ሰው ነበር። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በ2003 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የ9 ዓመት እስራት ፈረደበት። እንዲህ ያለውን ሰው መዝገቡ ስለ ተሰረዘ ብቻ መልሶ ሕፃናትን ማስረከብ ይገባልን?

አንዳንድ ሰው፥ «ሕግ የሰረዘውን ማን ያነሣዋል?» ይላል። ምሕረት ግን ለበደለኛው የሚሰጥ ነው፤ አደራው የሕፃኑ ነው። ጎተራ ያቃጠለውን ሰው ይቅር እንለዋለን፤ ችቦ አስይዘን ወደ ጎተራ ግን አንልከውም። ማረስ፥ መነገድ፥ መሸመን ይችላል፤ ሥራ ሞልቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ስለ ሕፃናት በሚደረገው ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ያዝዛል። የወንጀሉም ሕግ ዳኛው በደለኛውን ከሞግዚትነትና ከሙያ ሥራ እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። እንግዲህ ዳኛው ለእንዲህ ያለው ሰው ሌላውን መብት ሲመልስለት፥ የሕፃናትን ጠባቂነት ባይመልስለት ይሻላል።

ደግሞም ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ፖሊስ አሻራ ተቀብሎ የሚሰጠው ማስረጃ የተፈረደውን እንጂ የተሸሸገውን አያሳይም። በገጠር ብዙ ነገር በሽማግሌ ዕርቅ ስለሚያልቅ ከመዝገብ አይገባም። ስለዚህ አስተማሪም ሆነ ዘበኛ የሚቀጥር ሹም ሰውየው የኖረበትን ቀዬ ይጠይቅ፤ ከቀጠረውም በኋላ ዓይኑን አያንሣ፤ ሕፃን ሲያለቅስም ምክንያቱን ይስማ።

አንተም ነገ ሹም ወይም ወላጅ ስትሆን፥ ስለ አንድ ሰው ያለፈ በደል ብትሰማ፥ አስቀድመህ «ማንን በደለ? ከዚያስ ወዲህ እንዴት ኖረ?» ብለህ ጠይቅ። በሬ የሰረቀውን ከሕፃን አጥፊ ጋራ በአንድ ሚዛን አትመዝን።