ስለ ሴቶች ልጆቻችን ጠጉር

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ሴት ልጅ ያሳደገ ሁሉ ግን ቀላል አለመሆኑን ያውቀዋል። ይኸውም ሴቶች ልጆቻችን በመስተዋት ፊት ቆመው ስለ ገዛ ጠጉራቸው የሚያስቡት ነገር ነው።

በሰርግ ወራት በነቀምቴም በጊምቢም በደምቢ ዶሎም የጠጉር ቤቶች በልጃገረዶች ይሞላሉ። ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ ለጓደኛዋ ሚዜ ትሆን ዘንድ ተጠርታ፥ ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠጉሯን ለማለስለስ ወደ አንዱ ገባች። ሪላክሰር የሚባለው ቅባት ከሚገባው ጊዜ በላይ በራሷ ላይ ስለ ቆየ ቆዳዋ ተቃጠለ፤ ከጆሮዋ በላይ ያለውም ጠጉር ረገፈ። በሰርጉ ቀን ራሷን በሻሽ ሸፍና ዋለች። እኔም ስለ ምን ይህን አደረግሽ ብዬ በተግሣጽ ብጠይቃት፥ «በፎቶግራፉ ላይ እኔ ብቻ ከርዳዳ ሆኜ እንዳልታይ ብዬ ነው፥ ጋሼ» አለችኝ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ተግሣጼን ተውሁት።

ከርዳዳ የሚለውን ቃል ከባዕድ አልተማረችውም፤ ከእኛው አፍ የሰማችው ነው። በአማርኛችን ረዥምና ለስላሳ ጠጉር ዞማ፥ ዘንፋላ፥ ሉጫ እየተባለ ይመሰገናል፤ የተጠቀለለው ግን ከርዳዳ ይባላል፤ አነጋገሩም ከስድብ አይርቅም። አንዳንድ ሰዎች ይህን አስተያየት የፈረንጅ ሥዕልና ፊልም ያመጣው ነው ይላሉ። ሥዕሉና ፊልሙ እንዳባባሰው አልክድም፤ ዞማ እያሉ ማመስገን ግን የቆየ የራሳችን ልማድ ስለ ሆነ፥ ጥፋቱን ሁሉ በባሕር ማዶ ሰው ላይ ማላከክ ለፍርድ አይመችም።

ሆኖም ቀድሞ ጠጉር በርዝመቱና በልስላሴው ብቻ አይመዘንም ነበር። ጋሜና ቁንጮ የሕፃኑን ዕድሜ ይናገሩ ነበር፤ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ያስቀረችው ሳዱላ ገና ያላገባች መሆኗ ይታወቅ ነበር፤ በኦሮሞም ዘንድ ቀሬ የሚለው የልጃገረድ ስም ከጠጉሯ አቆራረጥ ጋራ የተያያዘ ነው። ባልዋ የሞተባት ሴት ጠጉሯን ስትላጭ ያየ ሰው ኀዘኗን ያከብር ነበር እንጂ መልኳን አይነቅፍም ነበር። ከነገሥታቱም ዐፄ ቴዎድሮስ በሹሩባቸው የታወቁ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ እንግሊዞች ከጠጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ፤ በለንደን በብሔራዊው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኝ የነበረው ይህ ጠጉር፥ መንግሥታችን ጠይቆ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ተመለሰ። የንጉሥን ሹሩባ እንደ ትልቅ ቅርስ በክብር የተቀበልን ሰዎች፥ በቤታችን የልጃችንን ጠጉር ስናበጥር «ወይ ይህ ጠጉርሽ!» እያልን እናማርራለን።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአሜሪካ ክፍል የሆነችው ካሊፎርኒያ፥ ጥቁር ሰው በተፈጥሮ ጠጉሩ ወይም በሹሩባው ምክንያት ከሥራና ከትምህርት ቤት እንዳይገፋ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣትም ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት። በደቡብ አፍሪካም በ2008 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የአንድ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ስለ ጠጉራቸው በወጣባቸው ደንብ ምክንያት ተቃውሞ አድርገዋል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ደንብ የጻፈ አላየሁም፤ ነገር ግን በቅቤና በሹሩባ ወደ ሥራ የመጣችውን ጸሐፊ አለቃዋ እንደ ባላገር ሲቈጥራት ፊቱ ያሳብቅበታል። ይህን የሚያነቡ ሹማምንት አይቀየሙኝ።

«የኔ ጠጉር አያድግም» የሚለው አነጋገርም ከስሕተት የመጣ ነው። የተጠቀለለው ጠጉር እንደ ሌላው ሁሉ ያድጋል፤ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን እንደ ምንጭር ስለሚጠቀለል ርዝመቱ ለዓይን አይታይም፤ ከራስ ቆዳ የሚወጣውም ወዝ በጥቅልሉ ላይ እስከ ጫፍ ስለማይደርስ ይደርቃል፥ በታጠፈበትም በኩል ቶሎ ይሰበራል። አያቶቻችን ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋራ ለውሰው መቀባታቸው ለሽታው ብቻ አልነበረም፤ ቅባቱ ድርቀቱን ያስታግሳል። የአባቶች ልማድ ሁሉ ደግ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ሹሩባን ዓይን እስኪጨፈን ድረስ አጥብቆ መጐንጐን የግንባርን ጠጉር ከሥሩ ያጠፋል።

ሪላክሰር ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለሳሙና መሥሪያ ከሚውለው ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በአሜሪካ 33,497 ሴቶችን 11 ዓመት ያህል የተከታተሉ ሊቃውንት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ጠጉራቸውን በእንዲህ ያለ መድኃኒት አለስልሰው የማያውቁ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማኅፀን ነቀርሳ የሚያዙት ከመቶ 1.64 ሲገመቱ፥ አዘውትረው የሚያለሰልሱት ግን ከመቶ 4.05 ተገምተዋል። ነቀርሳውን ያመጣው ማለስለሻው መሆኑን ይህ ብቻውን አያስረዳም፤ የሚያዙትም ጥቂቶች ናቸው፤ ቢሆንም እናቶች ሊያውቁት ይገባል። ጠጉሯን በፔስትራ የምታለሰልስ ወይም ዊግ የምታደርግ ሴት ሁሉ ራሷን ትንቃለች አልልም፤ ወድዳ የምታደርገው ጌጥ ነው። እኔን ያሳዘነኝ የወንድሜ ልጅ በፍርሃት ማድረጓ ነው።

የዚች ልጅ ታናሽ እኅት ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ አያቷ ጠጉሯን አጥበው በጉልበታቸው መካከል አስቀምጠው በሚዶ ሲያበጥሯት፥ «አኮ፥ የእኅቴ ጠጉር የረገፈው መጥፎ ስለ ሆነ ነው? የኔስ ለምን አያድግም?» ብላ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷም መልስ ሳይሰጡ ከጠጉሯ አንዲት ጥቅልል ለይተው በቀስታ ሳቧት፤ ጥቅልሏም ተዘርግታ ከልጅቱ ትከሻ በታች ደረሰች። ሲለቅቋት ተመልሳ ወደ ጆሮዋ ተሰበሰበች። ልጅቱ በመስተዋት ስታይ ቆይታ ሳቀች፥ «እስቲ እንደ ገና ይሳቡት፥ አኮ» አለች።