የስንፈተ ወሲብ «የኤሌክትሪክ ማሽን»፦ ብሩን ከመላካችሁ በፊት

«ስንፈተ ወሲብን ያለ መድኃኒት የሚያድን ማሽን፣ ያሉበት ድረስ እናመጣለን!» ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ያላየ ጥቂት ነው። ሰሞኑን አንድ የጣርማ በር ተከታታያችን በውስጥ መስመር «ይሄ ነገር እውነት ነው ወይስ ማጭበርበር?» ብሎ ጠየቀን።

ሐሳቡ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1863 ኤክሃርድ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ የውሻን የዳሌ ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲያነቃቃ ብልቱ ቆሟል። ሰውም ላይ ነርቭ ነው የደም ሥሩን አስፍቶ ብልትን በደም የሚያስሞላው። ዛሬም ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ነገር ነርቩን ለማነቃቃት የሚሞክሩ ጥናቶች አሉ። ግን አብዛኞቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ማሽኑም ከመደበኛ ሕክምና ተርታ ገና አልገባም። «ያድናል» ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ትልቁ ጉዳት ከብሩም በላይ ነው። የብልት ደም ሥር ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የልብ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ሲጋራ የደም ሥርን ሲጎዳ ቶሎ የሚያስታውቀው ቀጭኑ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ችግሩ ከልብ ሕመም ከ2 እስከ 5 ዓመት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ጭንቀትና አንዳንድ መድኃኒትም ያመጡታል። ማሽን ገዝቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ግን የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ጊዜው ያልፍበታል። ስኳር ቆዳውን ያደነዘዘበት ሰው ማሽኑ ቢያቃጥለው እንኳ ላይሰማው ይችላል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለትማ ጭራሽ መንካት የለበትም።

ሕጉስ? በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። ሻጩን «ምዝገባው የታለ?» በሉት።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? እንደ ደብረ ሲና ባለ ከተማ ነርሷ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ወረፋው ላይ የክርስትና አባትህ ሊቀመጡ ይችላሉ። የቴሌግራሙ ሻጭ ግን ስምም አይጠይቅ። የሚያተርፈው በዚህ እፍረት ነው። ጤና ተቋማት የስኳርና የግፊት ክትትል ያለውን ወንድ ለብቻው አድርገው «በዚህ በኩልስ እንዴት ነህ?» ቢሉት ግማሹ ገበያ በተዘጋ ነበር።

እስከዚያው ካርድ ስታወጡ «ስኳርና ግፊት ልመርመር» ማለት ይበቃል፤ ምርመራውም በእርግጥ ያስፈልጋችኋል። ዋናውን ጉዳይ ሐኪሙ ጋር ለብቻችሁ ስትሆኑ ንገሩት። የግፊት መድኃኒት ጠረጠርን ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ይቀየርልኝ ማለት ይቻላል። እንደ ቪያግራ ያለውንም ያለ ሐኪም አትውሰዱ፤ ከአንዳንድ የልብ መድኃኒቶች ጋር ግፊትን በአንዴ ጥሎ ሊገድል ይችላል።

አደባባይ ሼር ማድረግ ካሳፈራችሁ ለጓደኛችሁ በውስጥ ላኩለት።