ለገበያ የተጋገረ ዘፈን

ስለ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር በዚህ ግቢ ውስጥ ፈጥኖ የሚሰጥ አንድ ፍርድ አለ። ፀጉራቸውን አንጨባርረው፥ ከንፈራቸውን ተቀብተው፥ የቆዳ ሱሪ ለብሰው የሚዘፍኑት የ1980ዎቹ የአሜሪካ ባንዶች፥ ግላም ሜታል የሚባሉት፥ ባዶ ናቸው ይባላል። ለማስረጃም ብዙ ጊዜ የሚጠራው ዋራንት የተባለው ባንድ ሁለተኛ አልበም «ቼሪ ፓይ» ነው። ፍርዱስ ተሰጥቷል፤ ነገር ግን ምስክር የሰማው ዳኛ ማነው?

ወንድሞችና እኅቶች፥ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። ባንዱ የመጀመሪያ አልበሙን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 አወጣ፤ በውስጡ ያለው «ሄቨን» የተባለው ዘፈንም በአሜሪካ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ለሁለተኛው አልበም ዘፋኙ ጃኒ ሌን ግጥሙንና ዜማውን አዘጋጅቶ፥ ስሙንም «አንክል ቶምስ ካቢን» ሊሉት አስበው ነበር። ስሙ ከሐርየት ቢቸር ስቶው መጽሐፍ የተዋሰ ይሁን እንጂ ዘፈኑ የሚተርከው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሕግ አስከባሪዎች ሬሳ ከውኃ ጉድጓድ ሲጥሉ ስላዩና ያዩትን ለመናገር ስላልቻሉ ሰዎች ነው። ይህ የባዶ ራስ ሥራ ነውን?

ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ግን አልረካም። አለቃው ዶን አይነር ሕዝብ አብሮ የሚጮኽበት አንድ ዘፈን ይጨመር አለ። ሌን እንደተናገረው፥ የታዘዘውን ዘፈን የጻፈው በሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ የጻፈውም በፒዛ ካርቶን ላይ ነበር። በሩብ ሰዓት የተጻፈው ዘፈን የወራቱን ድካም ስም ነጠቀው፤ አልበሙም በሴፕቴምበር 1990 «ቼሪ ፓይ» ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ። ዘፈኑ ሴትን ልጅ ከተጋገረ ጣፋጭ ጋር ያመሳስላል፤ ለዚህ እኔ ጠበቃ አልቆምለትም። የካናዳው የሙዚቃ ጣቢያ ማችሚዩዚክ ፊልሙን አላሳይም ማለቱም ደግ አደረገ።

የነጋዴው መልስ የታወቀ ነው፤ «ሕዝቡ የሚፈልገው ይህንን ነው» ይላል። እውነት ነውን? ከዚያው አልበም «አይ ሶው ሬድ» የተባለ፥ በፍቅር ስለ ተከዳ ሰው የሚናገር የኀዘን ዘፈን ወጣ። «ቼሪ ፓይ» በሰንጠረዡ አሥረኛ ሆነ፤ «አይ ሶው ሬድ»ም አሥረኛ ሆነ! እንግዲህ ያለ አለቃ ትእዛዝ የተጻፈው ዘፈን ከታዘዘው በምን አነሰ? «አንክል ቶምስ ካቢን»ስ 78ኛ ላይ ቀረ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎን ቀረ፤ ነገር ግን ባንዱን ጣፋጭ ሻጭ አድርጎ በየቴሌቪዥኑ ካሳዩት በኋላ ስለ ሬሳና ስለ ጉድጓድ ሲዘፍን ማን አምኖ ይስማው?

ሌን እምቢ ማለት ይችል ነበር የሚሉም አሉ። ይችል ነበር፤ ነገር ግን የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ ገንዘቡም፥ ማተሚያውም፥ ማከፋፈያውም በኩባንያው እጅ ነበር። ኩባንያውስ ውለታውን በምን መለሰ? ዘመኑ ሲለወጥ፥ በቢሮው ተሰቅሎ የነበረው የዋራንት ሥዕል ወርዶ በምትኩ የአሊስ ኢን ቼይንስ እንደ ተሰቀለ ይተረካል። ሌን በ2006 በታየ የቴሌቪዥን ፊልም ያን ዘፈን በመጻፉ መራራ ጸጸት ገለጸ፤ በኋላ ግን በክፉ ቀን የተናገርኩት ነው ብሎ ቃሉን አለዘበ። በኦገስት 2011 በሎስ አንጀለስ፥ በሆቴል ክፍል ውስጥ፥ በመጠጥ መመረዝ ሞተ፤ ዕድሜው 47 ነበር። የሞቱን ዜና ያወሩ ጋዜጦችም ያንኑ የሩብ ሰዓት ዘፈን ከስሙ ጋር አያይዘው ጠሩት።

እንግዲህ ባዶ ነው የሚሉን መምህራንና ጓደኞች፥ ከዚህ አልበም የሰሙት የትኛውን ዘፈን እንደ ሆነ ይጻፉልን። አንዱን ብቻ ከሆነ፥ እርሱንም ማን እንዳስመረጣቸው ጨምረው ይንገሩን፤ ይህ ጋዜጣ መልሳቸውን የሚያትምበት ቦታ አያጣም።